ግልጽ ደብዳቤ፦ የጨዋታ ሰዓት ሲቀየር ለደጋፊውም ይነገረው

ለውድድሩ አዘጋጆች
ለአስተናጋጅ ከተማው ስታዲየም አስተዳደር
ለክለባችን ቦርድ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ባለው በከፍተኛ ሊግ የሚጫወት የአንዲት ከተማ ቡድን ደጋፊዎች ነን። የራሳችንንም የአስተናጋጇንም ከተማ ስም አልጠራንም። የተነሳነው ሰው ለማሳጣት አይደለም። ከሌሎች ቡድኖች ደጋፊዎች ጋር ስናወራ የሁሉም ሮሮ ተመሳሳይ ሆኖ አግኝተነዋል። ስም ብንጠራ የአንድ ቦታ ችግር ብቻ ይመስላል ብለን ነው የተውነው።

እንድንጽፍ ያደረገን ባለፈው እሁድ የሆነብን ነገር ነው። ደርሶ መልስ 480 ኪሎ ሜትር ተጉዘን፣ ልናየው የሄድነውን ጨዋታ ሳናይ ተመልሰናል።

ቡድናችን በሜዳው ከተጫወተ ቆይቷል። ከኮሮና ወዲህ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ነው የሚካሄዱት። ተጫዋቾቻችን ወር፣ ሁለት ወር ሆቴል ተቀምጠው ይጫወታሉ። እኛ ውጤት በስልክ እንጠይቃለን። ፕሪሚየር ሊጉም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ መካሄዱን እናውቃለን። የእነሱ ደጋፊ ግን ቢያንስ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ገብቶ፣ ሻይ አዝዞ ቡድኑን ያያል። እኛ ቡድናችንን በቴሌቪዥን አይተን አናውቅም። ማየት የፈለገ ሰው ያለው መንገድ አንድ ነው። ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ፣ አይቶ፣ የዚያኑ ቀን መመለስ። አድረን እንዳንመለስ የአልጋ ዋጋ አይቀመስም። ሰኞም ሥራ አለ።

ለእሁዱ ጉዞ ስድስት ሳምንት ተዘጋጅተናል። እያንዳንዳችን በየሳምንቱ 150 ብር እያዋጣን 900 ብር ሞላን። ከመካከላችን የቀን ሠራተኛ አለ። ሊስትሮ አለ። ጉሊት የምትሸጥ እናት አለች፤ ልጇ የቡድኑ ግብ ጠባቂ ነው። በሁለት ቅጥቅጥ 58 ሰው ሆነን ነው የሄድነው። ዘጠኙ ሴቶች፣ አስራ አንዱ ልጆች ናቸው።

ባነሩን የሰፋልን የከተማችን ልብስ ሰፊ ነው። ቅዳሜ ሱቁን ከዘጋ በኋላ በእግር በሚረገጠው መኪናው እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ሰፋው። ርዝመቱ 12 ሜትር ነው። ጨርቁ አንሶት ስለነበር መጨረሻ ላይ ያለውን ቢጫ ከሚስቱ መጋረጃ ቆርጦ ነው የጨመረው። ከስፌቱ ጫፍ ላይ የመጋረጃው ቀለበት የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሁንም ይታያሉ። የእጅ ዋጋ አልተቀበለንም።

የተለጠፈው ፕሮግራም ጨዋታው እሁድ 8 ሰዓት እንደሆነ ይላል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሳን። ከመንገዱ ግማሹ ጠጠር ነው፤ ኬላም አለ። ቢሆንም ሰፊ ጊዜ ነበረን። ሦስት ሰዓት ላይ ቁርስ ለመብላት ቆምን። ፍርፍሩ ቀርቦ፣ ሻይ እየተቀዳ ሳለ የአንዱ ልጅ ስልክ ጮኸ። የደወለው ከተጫዋቾቻችን አንዱ ነው። «ጨዋታው እኮ 4 ሰዓት ነው፤ ልናሟሙቅ ነው፤ የት ደረሳችሁ?» አለው።

ልጁ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቀና ብሎ አየን። ፊቱን አይተን ሁላችንም ተነሳን። ሒሳብ ከፍለን፣ ሻዩን እንደተቀዳ ትተን ወጣን። ሾፌሮቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። እባካችሁ ቀስ በሉ ያልናቸውም እኛው ነን፤ ልጆች ይዘናል።

የስታዲየሙ በር ላይ ስንደርስ 5 ሰዓት ከ15 ሆኗል። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሯል። በሩ ተቆልፏል። ጥበቃው «ትኬት የሌለው አይገባም» አለን። ትኬት ሽጡልን አልነው። ሻጩ ሒሳቡን ዘግቶ ሄዷል ተባልን። የሙሉ ጨዋታ ዋጋ ከፍለን የቀረውን ግማሽ ሰዓት እንይ አልን። እሱ መወሰን እንደማይችል ነገረን። ኃላፊ ጥራልን ስንለው ኃላፊው ውስጥ ጨዋታ እያየ ነው አለ። በጥበቃው አንፈርድም። የታዘዘውን ነው የሠራው። አንድ ሰው ግን ከውስጥ ወጥቶ ሊያናግረን ይገባ ነበር።

5 ሰዓት ተኩል አለፍ እንዳለ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ጩኸት ፈነዳ። ጎል ነው። የማን እንደሆነ ግን አናውቅም። ሃምሳ ስምንት ሰው ቆርቆሮ ላይ ጆሮውን ለጥፎ እርስ በርስ ይተያያል። የግብ ጠባቂው እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ነበር። አንድ ልጅ ቅጥቅጡ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በአጥሩ አናት አየና «የኛ ነው! የኛ ነው!» ብሎ ጮኸ። ተቃቀፍን። ከደቂቃ በኋላ ግን ሁሉም ዝም አለ። ሆድ ባሰን። ከእኛ ጋር አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ቡድኑ የቀበሌ ቡድን ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ሲከታተሉ የኖሩ አባት ናቸው። «አባባ፣ ውሃ ላምጣልዎት?» ስንላቸው «ተዉኝ ልጆቼ፤ እንኳን አሸነፍን» ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

1 ለ 0 አሸነፍን። ተጫዋቾቹ በሌላ በር ነው የወጡት። አውቶቡሳቸው በአጠገባችን ሲያልፍ ግብ ጠባቂው ባነሩን አየ። መስታወቱን በመዳፉ መታ። አውቶቡሱ ግን አልቆመም።

እንግዲህ ቅሬታችን ይህ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። በኋላ ስናጣራ ለውጡ ለክለቦች የተነገረው ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚጥልና ሜዳው ስለሚጨቀይ ጨዋታውን ወደ ጠዋት ማምጣት አስፈልጎ ነበር ተባልን። ምክንያቱን አንቃወምም። ጭቃ ላይ ተጫዋች ይሰበራል። ከማታው 1 ሰዓት እኛ እስከተነሳንበት እስከ 11 ሰዓት ግን አስር ሰዓት አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር የጻፈልን የለም። የክለባችን የፌስቡክ ገጽ ማታ 2 ሰዓት ላይ የተጫዋቾቹን ፎቶ ለጥፎ «መልካም ዕድል» ብሏል። ሰዓቱን ግን አልጻፈም። ቢነገረን ማታውኑ የምንወጣበትን መንገድ እንፈልግ ነበር። ካልሆነም እንቀር ነበር። ምርጫው የኛ ይሆን ነበር።

ይህ የመጀመሪያም አይደለም። ባለፈው ወር 14 ወጣቶቻችን ለረቡዕ ጨዋታ ሄደው ጨዋታው ወደ ሐሙስ መዛወሩን የሰሙት እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። ስምንቱ ሥራ ስላላቸው ተመለሱ። ስድስቱ የአልጋ ገንዘብ ስላልነበራቸው ቤተ ክርስቲያን ግቢ አደሩ። የሌላ ቡድን ደጋፊዎች ደግሞ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መጥተው፣ ጨዋታው በዝግ ስታዲየም፣ ማለትም ያለ ተመልካች፣ እንደሆነ የተነገራቸው በር ላይ ነው። ቅጣቱ የተላለፈው ከአራት ቀን በፊት ነበር።

ሌላም እንጨምር። ለሩቅ ተጓዥ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት የሚጀምር ጨዋታም እንደሌለ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ 12 ሰዓት ይሆናል። ከመሸ ደግሞ መንገድ አይለቀቅልንም። ፕሮግራም ሲወጣ የቤታችን ርቀት ቢታሰብ ብዙ ነገር ይቀል ነበር።

የበሩ ነገር ሁለተኛው ነው። አርፍዶ የመጣ ደጋፊ ምን ይደረግ የሚል መመሪያ ያለ አይመስልም። ትኬት መሸጫው ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ መዘጋቱን እንረዳለን። ሆኖም ስታዲየሙ ባዶ ነበር። ጣሪያ ላይ የወጣው ልጅ የቆጠረው ተመልካች መቶ አይሞላም። መቶ ሰው ባልሞላበት ሜዳ 58 ሰው ውጭ ቆመ። ባነሩንም በር ላይ ትተን እንድንቆም ስለተባልን መሬት ላይ አስቀመጥነው፤ መኪና ሄደበት። ልብስ ሰፊው ምንም አልተናገረም። አጥፎ፣ ጭቃውን በእጁ እየጠረገ፣ ብብቱ ስር ይዞት ተመለሰ።

ሦስተኛ፣ ሴቶቻችን መጸዳጃ ቤት አጡ። ይህን ስንጽፍ እያፈርን ነው፤ ግን ካልተጻፈ አይስተካከልም። ስድስት ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ቆይተው የመጡ ሴቶች ናቸው። ከስታዲየሙ ውጭ ምንም የለም። ውስጥ ያለው ደግሞ፣ ከዚህ በፊት የገቡት እንደነገሩን፣ የሴት የሚባል ክፍል ቢኖረውም በሩ በሰንሰለት ታስሮ ዕቃ ተከማችቶበታል። ከስታዲየሙ ጀርባ የሚኖሩ አንዲት እናት አዩን። «ኑ ልጆቼ፣ ግቡ» ብለው ቤታቸውን ከፈቱልን። ዘጠኙንም በተራ አስገቡ። ከዚያ ቡና አፈሉ። ቆሎ አቀረቡ። ሲሸኙን የልጆቹን ጠርሙስ ሁሉ ውሃ ሞሉልን። ስማቸውን ሳንጠራ በዚህ ደብዳቤ እናመሰግናቸዋለን። የአስተናጋጅነት ወጉን ያየነው እሳቸው ጋ ነው።

የትኬት ዋጋን በተመለከተ ብዙ አንልም። ከዚህ ቀደም በገባንባቸው ጨዋታዎች ለእንግዳ ደጋፊ የሚጠየቀው ከከተማው ነዋሪ ከእጥፍ በላይ ሆኖ አግኝተነዋል። ትኬቱም ሳይቀደድ ተመልሶ ይሰበሰባል። ዋጋው በር ላይ ይለጠፍ፣ ትኬቱ እጃችን ላይ ይቅር። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ክለባችን ቦርድ እንምጣ። የክለባችን በጀት ከከተማ አስተዳደሩ ነው፤ ይህም ማለት ከነዋሪው ኪስ ነው። የመንግሥት ሠራተኞቻችን ከደሞዛቸው ያዋጣሉ። እኛ ገንዘባችን የት ገባ ብለን አልጠየቅንም። የጠየቅነው አንድ ነገር ነው፤ ጨዋታው ስንት ሰዓት ነው? ቡድን መሪው ስልካችን አለው። ከጉዞው በፊት ሁለት ጊዜ ደውለንለታል። እንደምንመጣ ያውቃል። ማታ ግርግር ላይ ስለነበረ ረስቶት እንደሆነ ነግሮናል፤ ይቅርታም ጠይቋል። ይቅርታውን ተቀብለናል። ነገር ግን 58 ሰው የሚነካ ጉዳይ በአንድ ሰው ትዝታ ላይ መንጠልጠል የለበትም። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ይመደብ።

ስለ ሜዳችንም ሳንናገር አናልፍም። ቡድኑ በከተማችን ሲጫወት የነበረበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ሁሉ ወደ ሜዳ ነው። ሻይ የምታፈላው፣ ሎሚና ሸንኮራ የሚሸጠው፣ ብስክሌት የሚጠብቀው ልጅ፣ ሁሉም የዚያን ቀን ያገኛል። የእንግዳው ቡድን ደጋፊ ሲመጣ እኛ ነበርን ምሳ የምናበላው። አሁን ሜዳው ላይ ከብት ይግጥበታል። ከእኛ ጋር የሄደው የ11 ዓመት ልጅ የቡድኑን አጥቂ በስም ያውቀዋል፤ በአካል አይቶት ግን አያውቅም። እሁድም ሳያየው ተመለሰ።

ጨዋታዎች በአንድ ቦታ መሰባሰባቸው ምክንያት እንዳለው አንክድም። ወጪ ይቀንሳል። በየሜዳው ረብሻ ተነስቶ ያውቃል። በኛም ሜዳ ድንጋይ ተወርውሮ ጨዋታ ተቋርጧል። አጥፍተናል፤ ተቀጥተናል። ከዚያ በኋላ የራሳችንን ሥነ ሥርዓት አስከባሪዎች አደራጅተን አሠልጥነናል። ረብሻን መከላከል ደጋፊን ከኳስ በማራቅ ብቻ አይሆንም።

የታችኛው ሊግ ነው ተብሎም አይናቅ። ጅማ አባ ጅፋር ከዚህ ሊግ ባደገ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወስዷል። መቀሌ 70 እንደርታ በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቅሎ በ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆኗል። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ2016 ዓ.ም. እንዳደገ ዋንጫውን አንስቷል። የነገው ሻምፒዮን ዛሬ መቶ ሰው በማይሞላበት ሜዳ እየተጫወተ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ቆመን ሳለ መምህሩ አስታወሱን። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ የሜዳ ጨዋታችን ነበር። የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የሚጠይቀውን የሚያሟላ ስታዲየም አልነበረንማ። ያን የመሰለ ድል አገሩ በሙሉ ከሩቅ ነው ያየው። በዚያ ደረጃ ያለውን ችግር እኛ አንፈታውም፤ ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። የእኛ ጥያቄ ግን አንድ የስልክ መልእክት፣ አንድ የበር ቁልፍና አንድ ንጹህ ክፍል ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የውድድሩ አዘጋጆች፣ የጨዋታ ሰዓት ከሦስት ቀን በፊት ይቁረጥልን። በዝናብም ሆነ በሌላ ምክንያት መቀየሩ ግድ ከሆነ፣ ለክለቦቹ ደብዳቤው በሚላክበት በዚያው ደቂቃ በቴሌግራምና በአካባቢው ሬዲዮ ይነገር። የዝግ ስታዲየም ቅጣትም እንዲሁ። ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው የሚመጡ ደጋፊዎች ያሏቸው ጨዋታዎች ቅዳሜ ወይም እሁድ፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲጀመሩ ይሞከር። ለቀጣዩ ዓመት ደግሞ ቢያንስ አንዱ ዙር በየክለቡ ሜዳ እንዲካሄድ ከክለቦችና ከደጋፊ ማኅበራት ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

የስታዲየሙ አስተዳደር፣ ትኬት መሸጫው እስከ 60ኛው ደቂቃ ክፍት ይሁን። በር ላይ መወሰን የሚችል አንድ ኃላፊ ይቀመጥ። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ሰንሰለቱ ይፈታ፣ ዕቃው ይውጣ፣ ውሃ ይግባለት።

የክለባችን ቦርድ፣ ከደጋፊዎች ጋር የሚገናኝ አንድ ሰው ይመድብ። ክፍያ ከሌለ ከእኛ መካከል በነጻ የሚሠራ ሰው እናቀርባለን። እሁድ ዕለት ለሄዱት አስራ አንድ ልጆች ደግሞ ቡድኑ ለዕረፍት ሲመለስ አንድ ልምምድ በከተማችን ሜዳ ያሳያቸው። ባነሩ ታጥቦ ተሰቅሎ ይጠብቃል።

ቀጣዩ ጉዟችን ከሦስት ሳምንት በኋላ እሁድ ነው። ለመኪኖቹ ቀብድ የምንከፍለው በመጪው ዓርብ ነው። ጨዋታው ስንት ሰዓት እንደሆነ ከዓርብ በፊት በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር

የደጋፊዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
የጉዞ አስተባባሪ
የሴት ደጋፊዎች ተወካይ
የሥነ ሥርዓት አስከባሪዎች ኃላፊ

ግልባጭ
ለከተማችን ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት
ለክለባችን ቡድን መሪ